ኩባንያው ቢተርፍ ስልኩ ይተርፋል?

«ስልክ ሻጭ ነኝ። ገበያ የከዳው አንድ የስማርት ስልክ ፋብሪካ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ እየጣለው ነው። ያለኝን ሁሉ ላፍስበት? ባለቤቴ ‹ተው› ትለኛለች» ሲል አንድ ወጣት ጽፎልኛል።

ወንድሜ፣ እኔም ከባለቤትህ ጋር ነኝ። የካናዳውን ብላክቤሪ አስታውስ። ኦባማ ዋይት ሀውስ ሲገቡ እንኳ ላለመለየት የተሟገቱለት ስልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን መጣ፣ አንድሮይድ ተከተለ። ብላክቤሪ በ2013 አዲስ ሲስተም ቢያወጣም፣ አፕሊኬሽን ሠሪዎቹ ፊታቸውን አዙረውበት ነበር። በ2016 ራሱ ስልክ መሥራቱን እንደሚተው አስታውቆ ስሙን ለሌሎች አከራየ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ለቆዩት ሲስተሞቹ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ሲያቋርጥ፣ ስልኮቹ ለመደወል እንኳ የማይታመኑ ሆኑ። ኩባንያው ግን አልሞተም፤ ለመኪና የሚሆን ሶፍትዌር እየሸጠ ይኖራል። አየህ? እሱ ተረፈ፣ ስልኩን የያዘው ሰው ከሰረ።

እንግዲህ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ፦ ስክሪኑና ባትሪው በከተማህ ይገኛል? ሲስተሙስ እስከ መቼ ይታደሳል? ቁርጥ ያለ መልስ ካጣህ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይዘህ ሞክር። ነገ ስልኩ የተበላሸበት ደንበኛ የሚያውቀው ፋብሪካውን አይደለም፤ አንተን ነው።