የእጅ ሙያ ዓምድ፦ የማይታጠፈውን ፈልጉ

የዛሬው ዓምዳችን ስለ ደጋን ነው።

ደጋን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጥጥ በሚነደፍበት ቤት ትንሽ ደጋን አለች። እናቶች አውታሯን በጥጡ ላይ ሲነዝሩት ጥጡ ይፍታታል፤ ይሳሳል፤ ለፈትል ይደርሳል። ዛሬ የምናወራው ግን ፍላጻ ስለሚወረውረው ስለ ትልቁ ደጋን ነው።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። የሚታጠፈው እንጨት ደጋን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጠረው ገመድ አውታር ነው። የሚወረወረው ፍላጻ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙ ሰው ቀስት ይላቸዋል። በደጋኑ መሐል በእጅ የሚያዘው ቦታ እጀታ ነው። ከእጀታው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ወገኖች ክንፎች እንላቸዋለን።

እንጨት ጠርቦ አውታር ማሰር ያን ያህል አይከብድም። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለቱ ክንፎች እኩል እንዲታጠፉ ማድረግ ያስፈልጋል። ወይፈን ቀንበር እንዲለምድ ቀስ ተብሎ እንደሚገራ፣ ደጋንም ቀስ ተብሎ መታጠፍን ይለምዳል። ስለዚህ ይህን ሥራ ደጋን መግራት እንበለው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ደጋኑን የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። ለምን ይሰብረዋል? አብረን እንይ።

የቆየ ሙያ ነው

ደጋን መሥራት በጣም የቆየ ሙያ ነው። የጥንት ግብጻውያን ጎረቤታቸውን ኑቢያን «የቀስት አገር» ይሏት ነበር። ኑቢያ ከግብጽ በስተ ደቡብ፣ በዓባይ ወንዝ ዳር የነበረች አገር ናት። ሰዎቿ በቀስት ውርወራ የታወቁ ነበሩ።

ሌላም ማስረጃ አለ። በመስከረም 1984 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1991) በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ አልፕስ በሚባለው ተራራ ላይ፣ በበረዶ ውስጥ የቆየ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። ሰውየው ከሞተ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። አጠገቡ ደጋን ነበር። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ82 ሳንቲም ያህል ነው። ይህ ደጋን ግን አላለቀም። ገና ሲጠረብ የወጣው ምልክት ይታይበታል። አውታር የሚታሰርበት ቦታም አልተበጀለትም። በኮሮጆው ከነበሩት 14 ፍላጻዎች ውስጥ ያለቁት 2 ብቻ ነበሩ። ዛሬ እነዚህ ዕቃዎች በጣሊያን አገር በቦልዛኖ ከተማ ሙዚየም ይገኛሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ደጋን በአንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚያልቅ ዕቃ አለመሆኑን እንማራለን። በዚያ ዘመንም ሰው እንጨቱን ይዞ እየሄደ፣ ጊዜ ሲያገኝ እየጠረበ ይሠራ ነበር።

ደጋን ሲታጠፍ ምን ይሆናል?

አንድ እርጥብ ቀንበጥ ቁረጡ። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ እጠፉት። በውጭ በኩል ያለው ልጥ ይለጠጣል። በውስጥ በኩል ያለው ይጨማደዳል። ደጋንም እንዲሁ ነው።

የደጋን ጀርባ የሚባለው ሲወረወር ወደ ዒላማው የሚዞረው ጎን ነው። የደጋን ሆድ የሚባለው ወደ ወርዋሪው የሚዞረው ነው። አውታሩ ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፤ ሆዱ ይታመቃል።

እንጨት እንደ ገመድ በቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። በጀርባ በኩል ያሉት ክሮች ከተቆረጡ እንጨቱ ከዚያ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጀርባው ልጡ ብቻ ይላጣል። እንጨቱ አይነካም። የሚጠረበውና የሚፋቀው ሁሉ ከሆዱ በኩል ነው። ይህን አትርሱ።

እንጨት አመራረጥ

እንጨቱ ቀጥ ያለ ይሁን። ጠማማና የተጣመመ ክር ያለው ለጀማሪ አይሆንም። ጉጥ፣ ማለት ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ፣ የበዛበትም ይቅር። ለጥሩ ዱላ የሚመረጠውን እንጨት የአካባቢያችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ታጥፎ ሲለቀቅ ተመልሶ ቀጥ የሚል እንጨት ይሻላል። ዛፍ የሰው ሀብት ነው፤ የአገርም ሀብት ነው። ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ።

እርጥብ እንጨት ለደጋን አይሆንም። ታጥፎ ይቀራል። እንጨቱ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ለብዙ ወራት ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ ከተጣለ ቶሎ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በቀለም መቀባት መሰንጠቁን ይቀንሳል።

የደጋኑ ርዝመት የሠሪው ቁመት ያህል ቢሆን ለጀማሪ ይበጃል። አጭር ደጋን ብዙ ይታጠፋል። ብዙ የሚታጠፍ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል።

እንዴት ይገራል?

እንጨቱ ደርቋል እንበል። ተጠርቦ የደጋን መልክ ይዟል። መሐሉ ወፈር ይላል፤ ወደ ጫፍ ቀስ በቀስ ይቀጥናል። አሁን መግራት ይጀመራል። ቢላዋ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ከሰል አዘጋጁ።

1. መሬት ላይ ሞክሩ። አውታር ገና አታስሩ። የታችኛውን ጫፍ በጨርቅ ላይ አቁሙ። የላይኛውን ጫፍ በአንድ እጃችሁ ያዙ። በሌላው መዳፍ መሐሉን ከሆድ በኩል ትንሽ ገፋ አድርጉ። ከዚያ ጫፎቹን አገላብጣችሁ ድገሙ። ሁለቱም ክንፎች ትንሽ ትንሽ መታጠፍ እስኪጀምሩ ከሆዱ ፋቁ።

2. በባላ ላይ አሳርፉ። ግድግዳ ላይ ጠንካራ ባላ ምቱ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ለአውታር ማቆሚያ ትንሽ ቆረጣ አብጁ። ረዘም ያለ አውታር እሰሩ። ደጋኑን ሆዱን ወደ ታች አድርጋችሁ እጀታውን በባላው ላይ አሳርፉ። ጓደኛችሁ ራቅ ብሎ ቆሞ አውታሩን በገመድ ወደ ታች ይሳብ። እናንተ ፈንጠር ብላችሁ እዩ። በግድግዳው ላይ በከሰል አግድም መስመሮች ብታሰምሩ፣ የትኛው ክንፍ ይበልጥ እንደሚወርድ በቀላሉ ይታያችኋል።

3. ምልክት አድርጉ። የማይታጠፈውን ቦታ ፈልጉ። በከሰል ቀለም ቀቡት።

4. ጥቂት ፋቁ። ከሰል ከነካው ቦታ ብቻ፣ ከሆድ በኩል፣ አሥር ጊዜ ያህል ፋቁ። ከሰሉ ሲጠፋ አቁሙ።

5. አስለምዱት። ደጋኑን ከዚህ በፊት እስከሳባችሁት ድረስ ብቻ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ሳብ ለቀቅ አድርጉ። ሳብ ማለት ግን ወጥሮ ማቆየት አይደለም። እንጨቱ አዲሱን ሁኔታ የሚያሳየው ከዚህ በኋላ ነው።

6. እንደገና እዩ። ደጋኑን አዙራችሁም እዩ፤ የግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ አድርጉ። ዓይን ያታልላል። ሁለቱ ክንፎች እኩል ከሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲም ጨምራችሁ ሳቡ። እኩል ካልሆኑ አትጨምሩ። ወደ 3ኛው ተመለሱ።

ሁለቱ ክንፎች እኩል መታጠፍ ሲለምዱ አውታሩ ያጥራል። ደጋኑ አሁን በትክክል ይወጠራል። ጡጫችሁን በእጀታው ላይ አድርጋችሁ አውራ ጣታችሁን ብታቆሙ፣ ጣቱ አውታሩን ሊነካ ይገባል። ከዚያ በኋላም ሥራው ያው ነው፤ ማየት፣ ምልክት፣ ጥቂት መፋቅ፣ ማስለመድ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለም?

ጀማሪው የሚሳሳትበት ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ጀማሪ ደጋኑን በባላው ላይ አሳረፈ እንበል። ቀኙ ክንፍ መሐሉ ላይ እንደ ጉልበት ታጠፈ። ጀማሪው ደነገጠ። አስተማሪውን ጠራ።

«ጋሼ፣ ኧረ እዩልኝ! እዚህ ላይ ሊሰበር ነው። ምን ላድርገው?»

«አይ ልጄ፣ እሱን ተወው። እሱ ምንም አላጠፋም።»

«እንዴት ጋሼ? የሚታጠፈው እሱ ብቻ እኮ ነው!»

«እንዲያ ከሆነ የሌሎቹን ሥራ ብቻውን እየሠራ ነዋ! ጎረቤቶቹን እያቸው። ግራውም ቀኙም ደርቀው ቆመዋል። እነሱን ፋቅ ፋቅ አድርጋቸው። እነሱ መታጠፍ ሲጀምሩ ይሄኛው ያርፋል።»

«ታዲያ የደከመውን ማወፈር አይቻልም?»

«የተፋቀ እንጨት ተመልሶ ይለጠፋል እንዴ? ከሌሎቹ መቀነስ እንጂ ለእሱ መጨመር የለም።»

የሙያው ቁልፍ ይህ ነው። ዓይናችን የሚሄደው በጣም ወደታጠፈው ቦታ ነው። እጃችንም ቢላዋ ይዞ ወደዚያው ይሄዳል። እዚያ ከፋቅን ግን የደከመውን ይበልጥ እናደክመዋለን። ደጋኑም ከዚያው ይሰበራል። የሚፋቀው የማይታጠፈው ነው። በጣም የሚታጠፈው አይነካም።

ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ሲያርሱ አንዱ ቢለግም ሁለተኛው ምን ይሆናል? ይደክማል፤ ይወድቃል። የወደቀውን በሬ መግረፍ እርሻውን አያቀናም። የለገመውን ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ሚሊ ሜትር ቀላል አይደለም

«ትንሽ ብፋቅ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላ።

የእንጨት ጥንካሬ፣ ማለት አልታጠፍም የሚልበት ኃይል፣ በውፍረቱ ላይ በእጅጉ ይመካል። ውፍረቱን በራሱ፣ ከዚያ እንደገና በራሱ አባዝታችሁ ታገኙታላችሁ። አንድ ቦታ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 10 በ10፣ እንደገና በ10 ሲባዛ 1000 ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ተፍቆ 9 ቢቀር 9 በ9፣ እንደገና በ9 ሲባዛ 729 ይሆናል። ከ1000 ላይ 271 ጠፋ ማለት ነው። የ1000 ሩብ 250 ነው። እንግዲህ አንድ ሚሊ ሜትር ስትፍቁ ያ ቦታ ከሩብ በላይ ጥንካሬውን ያጣል።

ወርዱ ግን እንዲህ አይደለም። ወርዱ በግማሽ ቢቀነስ ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀነስ ግን ከስምንት እጅ አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መጥረቢያ ለመጀመሪያው ጥረባ ነው። ለመግራት ቢላዋና ሞረድ ይበቃሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ። ማለስለሱም እንጨት ስለሚቀንስ ደጋኑ ገና ትንሽ ጠንከር እንዳለ ፍቆ ማቆም ብልህነት ነው።

ጥንቃቄ

ደጋን መጫወቻ አይደለም። የሰው ዓይን ያጠፋል፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ፦

ፍላጻ በሰውም ሆነ በከብት ላይ አታነጣጥሩ። ከዒላማው ኋላ ሰው የሚያልፍበት መንገድ አይኑር። አፈር ወይም ጭድ የተከመረበት ቦታ ይሻላል።

ፍላጻ ሳይኖር አውታሩን ስባችሁ አትልቀቁ። ፍላጻው የሚወስደው ኃይል ወደ እንጨቱ ተመልሶ ደጋኑን ሊሰብር ይችላል።

በጀርባው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም ሲሳብ የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ፣ አቁሙ። ያን ደጋን አትሳቡት።

ስትጨርሱ አውታሩን ፍቱ። ተወጥሮ የሚያድር ደጋን ታጥፎ ይቀራል፤ ጉልበቱንም ያጣል።

ልጆች ያለ አዋቂ አይሞክሩ።

እንግዲህ ወገኖች፣ አንድ ዛፍ ለደጋን እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርቅ ወራት ይወስዳል። በችኮላ ለመስበር ግን አንድ ቅጽበት ይበቃል። ቢላዋውን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ እዩ። ያያችሁትን በከሰል ምልክት አድርጉ። ከዚያ ፋቁ።

አንብባችሁ መልሱ

1. ከደጋን ጀርባ የሚላጠው ምንድን ነው? እንጨቱስ የሚፋቀው ከየት በኩል ነው?

2. አንድ ቦታ እንደ ጉልበት ቢታጠፍ የሚፋቀው የቱ ነው? ለምን?

3. ውፍረቱ ከ10 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ከ1000 ስንት ይቀራል? 8 በ8፣ እንደገና በ8 አባዙ።

4. በአካባቢያችሁ ለዱላ የሚመረጠው እንጨት የትኛው ነው? ሽማግሌ ጠይቃችሁ ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።

ጽሑፉን ላላነበበ ጎረቤት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። በሰላም ያገናኘን።