ጣራው ስንት ኪሎ ይችላል?

በዚህ አምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አስቤዛ ስንነጋገር ቆይተን፣ ዛሬ ስለ መኪና ጣራ ማንሳቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። «ይህስ የወንዶች ጉዳይ ነው» የምትል እናት ብትኖር አልፈርድባትም። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት።

ባልደረባዬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ትልቁ ወንድ ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ደግሞ አራት ሞልቷታል። ባለቤቷ ዱባይ የሚሠራ ወንድም አለው። ይኸው ወንድም ከሌላ ዕቃ ጋር አስጭኖ በመኪና ጣራ ላይ የሚገጠም ድንኳን ላከላቸው። ዕቃው ለማያውቀው እንዲህ ነው፦ ሲታጠፍ እንደ ትልቅ ሻንጣ ሆኖ ጣራው ላይ ይቀመጣል፤ ከተፈለገው ቦታ ሲደረስ ይዘረጋል። ፍራሹ ውስጡ ነው። መሰላሉ ወደ ታች ይለቀቅና ቤተሰቡ ከመሬት ከፍ ብሎ ያድራል። ጭቃ የለ፣ ጉንዳን የለ፣ ጅብም ቢያልፍ በሥር ነው የሚያልፈው።

ነገሩ የባለጸጋ ቅንጦት ብቻ ሆኖ የቆየም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን፣ ትራባንት ለምትባለው ትንሽ የሠራተኛ መኪና ጣራ የሚሆን ድንኳን ተሠርቶ ነበር። ያች አገር እ.ኤ.አ. በ1990 ከምዕራቡ ጋር ተዋህዳ ለብቻዋ መኖሯ ቢያበቃም፣ ትራባንትና ድንኳኗ ዛሬም በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ አይረሱም።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቷ ሦስት ጓደኞቹን ጠርቶ፣ ድንኳኑን ለአራት ተሸክመው ከቤታቸው መኪና ጣራ ላይ አወጡት። መኪናዋ መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ስትሆን ፖርቶ መጋላዋ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው። ብሎኑ ተጠብቆ ሲያልቅ ባለቤቷ ድንኳኑን ይዞ ወዘወዘው፤ ጣራው ሲንቋቋ ሰማች። «ለመሆኑ ይህ ነገር ስንት ኪሎ ነው? ጣራውስ ስንት ይችላል?» ብላ ጠየቀች። «ፖርቶ መጋላው የፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ያላሰበውን አንቺ ልታስቢ ነው?» አላት። ጓደኞቹ ሳቁ። እሷም በሰው ፊት ክርክር አልፈለገችምና ዝም አለች። ሰኞ ግን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከምሳ ዕቃዋ ጋር በቦርሳዋ ይዛ ቢሮ መጣች።

በምሳ ሰዓት ሁለታችን መጽሐፉን ገልጠን ተቀመጥን። የምንፈልገውን ገጽ ለማግኘት ጊዜ ፈጀብን። ስለ ራዲዮው ብዙ ገጽ ተጽፏል፤ ስለ ጣራው ጭነት የተጻፈው ግን ጥቂት መስመር ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ሰፍሯል፦ 75 ኪሎ ግራም። በብዙ የቤተሰብ መኪና መመሪያ ላይም የሚገኘው ቁጥር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 50 የሚል አለ፣ 100 የሚልም አለ። የድንኳኑ ወረቀት ደግሞ ከነፍራሹና ከነመሰላሉ 61 ኪሎ ግራም ይላል። ባልደረባዬ እፎይ አለች። እኔም «በይ ባልሽን ይቅርታ ጠይቂው» ብዬ ቀለድኩባት። ቸኩለን ነበር።

የመጀመሪያው ስህተታችን 75 ኪሎው ምን ምን እንደሚያካትት አለመጠየቃችን ነው። በጣራው ግራና ቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ በነሱ ላይ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን የሚጋደሙ ሁለት አግዳሚዎች ይታሰራሉ። ድንኳኑ የሚያርፈው በአግዳሚዎቹ ላይ ነው። መመሪያው የሚለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በጣራው ላይ የሚጨመረውን ሁሉ ይዞ ነውና፣ ተገዝተው የተጨመሩት አግዳሚዎች ራሳቸው ይቆጠራሉ። የሷዎቹ 6 ኪሎ ያህል ናቸው። 61 እና 6 ሲደመር 67 ሆነ። ብርድ ልብስና ትራስ ታጥፎ እዚያው ከተተወ 5 ኪሎ ይጨመራል፤ 72። ባለቤቷ ከድንኳኑ አጠገብ አስሮ ሊወስደው ያሰበው ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ሲታከልበት ደግሞ 92 ይሆናል። እኛ እናቶች ገበያ ላይ ለሩብ ኪሎ ቅቤ ከሚዛኑ ዐይናችንን አንነቅልም፤ ከልጆቻችን ራስ በላይ ስለሚጫነው ግን «ይበቃዋል» ሲሉን እናልፋለን።

ሁለተኛውን ስህተት ያገኘው ራሱ ባለቤቷ ነው። ማታ ስሌቱን ስታሳየው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ባትሪ ይዞ ወጣ። ከአንደኛው አግዳሚ ሥር ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፦ «ከፍተኛው 50 ኪሎ»። ዘንጎቹ 75 ይችላሉ፤ አግዳሚዎቹ 50። ጣራ፣ ዘንግና አግዳሚ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ ሲኖራቸው የሚሠራው ትንሹ ቁጥር ነው። ድንኳኑ ብቻውን፣ ያለ ብርድ ልብስና ያለ ጀሪካን፣ ከልኩ 11 ኪሎ አልፏል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ «እንዲያ ከሆነ ሁለትና ሦስት ሰው እላዩ ላይ እንዴት ሊተኛ ነው?» እኛም ጠይቀናል። በመመሪያው ላይ የሚጻፈው መኪናው ሲጓዝ የሚሸከመው ነው። እንስራ አዝላ የቆመች ሴትና ያንኑ እንስራ አዝላ በድንጋያማ ዳገት የምትሮጥ ሴት አንድ አይደሉም። ስትሮጥ እንስራው ወደ ኋላ ይጎትታታል፣ ወደ ጎን ይጥላታል፣ ብትደናቀፍ አልፏት ይወረወራል። መኪናም ፍሬን ሲይዝ፣ ኩርባ ሲዞርና ጉድጓድ ሲገባ ጭነቱ ከሚዛን በላይ ይገፋል። ሲቆም ግን ግፊቱ ክብደት ብቻ ነው። ለምሳሌ ሱባሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ሞዴሉ ያወጣው አውትባክ ዊልደርነስ፣ ሲጓዝ 100 ኪሎ ያህል፣ ሲቆም ደግሞ 317 ኪሎ ያህል በጣራው ዘንግ እንዲሸከም ተፈቅዶለታል። ልዩነቱን ተመልከቱ! ይሁን እንጂ ይህ የዚያ መኪና ቁጥር ነው፤ ለሌላው አይዋስም። ለቆመ መኪና የሚሆን ቁጥር ጨርሶ የማይሰጡ ፋብሪካዎችም ስላሉ፣ ቁጥሩ ከሌለ ሻጩን ወይም ወኪሉን መጠየቅ እንጂ በግምት መውጣት አይገባም።

በማግሥቱ ወደ ሰፈራቸው ጋራዥ ወሰዱት። ሽማግሌው መካኒክ ጣራውን በመዳፋቸው ዳብሰው «ልጄ፣ ጠንካራ አግዳሚ ብታስመጡ ዘንጉ ያው ዘንግ ነው» አሏት። ቀጥለውም ያልጠበቅነውን ነገር አነሡ፦ መንገዱን። አንዳንድ የፖርቶ መጋላ አምራቾች በኮረኮንች ለሚሄድ ሰው የተፈቀደውን ክብደት ለአንድ ተኩል እንዲያካፍል ያዝዛሉ። 75 ለ1.5 ሲካፈል 50 ነው። እነሱ ሊሄዱ ያሰቡት ላንጋኖ ነበር። አስፋልቱ አልቆ ወደ ሐይቁ ዳር ሲታጠፉ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ያ ድንኳን በዚያ መኪና፣ በዚያ መንገድ አይሄድም።

በዚሁ ቦታ የነበረ አንድ ወጣት በያጅ «እኔ በብረት ልሥራላችሁ» ብሎ ነበር። ከባድ የብረት ፖርቶ መጋላ መሥራት ይቻላል፤ ግን ብረቱ ራሱ 30 ኪሎ ቢመዝን ከዚያው ከ75ቱ ላይ ይቀነሳል እንጂ ጣራውን አያጠነክረውም። ጣራ መብሳትም ቢሆን ዝናብ ያስገባል፤ በጣራው ጠርዝ ውስጥ የአየር ከረጢት ባለባቸው መኪናዎች ደግሞ አደጋ አለው። ሽማግሌው በዐይናቸው ከለከሉት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ጣራቸው መስተዋት ነው፤ በግራና በቀኝ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ዘንግም ለጌጥ ብቻ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። መመሪያቸው በቻይንኛ የተጻፈም አለ። ይህን ሳያስነብቡ በዚያ ላይ እንኳን ድንኳን፣ የልጅ ብስክሌትም ማሰር አይገባም።

እንግዲህ የከበደው ነገር ሒሳቡ አልነበረም። ባለቤቷ «የወንድሜን ስጦታ ናቅሽብኝ» አለ። ሁለት ቀን በቤቱ ውስጥ ልጆቹ ብቻ ናቸው የተነጋገሩት። እሷም ለእኔ ስታጫውተኝ «ያልኩት እኮ ስንት ኪሎ ነው ብቻ ነው» እያለች ዐይኗ እንባ ሞላ። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ጓደኞቹን መልሶ ጠራና ድንኳኑን አወረደው። ምን እንዳስለወጠው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከአጎቱ ልጅ ዘንድ ነው። እሱ አሮጌ ላንድክሩዘር አለው። የዚህ ዓይነቱ መኪና በጣራው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ቤት አሸንዳ ያለ የብረት ጠርዝ አለውና፣ የፖርቶ መጋላው እግሮች ያንን ጠርዝ በብዙ ቦታ ጨምድደው ይይዛሉ። የተፈቀደለት 150 ኪሎ መሆኑን ባልደረባዬ አረጋገጠች፤ በኮረኮንች 100። ፖርቶ መጋላው 25፣ ድንኳኑ 61፣ ብርድ ልብሱ 5፤ ድምር 91። የፖርቶ መጋላውም የራሱ ልክ ታየ፤ በቂ ነው። መኪናው ቆሞ አባትና ልጅ ሲተኙበት ከነራሳቸው 191 ኪሎ ይሆናል፤ ወረቀቱ ለቆመ መኪና የሚፈቅደው ከዚህ በላይ ነው። ጀሪካኑ ግን ከመቀመጫው ኋላ፣ ወለል ላይ ይሄዳል።

ሁለተኛውን ገጠማ እኔም ቆሜ አየሁ። በዚህ ጊዜ ማንም አልቸኮለም። በድንኳኑ ሆድ ሥር በቁመት የሚሄዱ ሁለት ሀዲዶች አሉ፤ ብሎኖቹ በነሱ ውስጥ ይንሸራተቱና ከአግዳሚው ሥር በሚገባ ጠፍጣፋ ብረት ይያዛሉ። አግዳሚዎቹ ምን ያህል ተራርቀው መቆም እንዳለባቸው የድንኳኑ ወረቀት ስለሚናገር በሜትር ለኩ። የኋላ በር ሲከፈት እንዳይነካ ድንኳኑን ትንሽ ወደ ፊት ገፉት። መሰላሉ በየትኛው ጎን እንደሚወርድም ቀድመው ተስማሙ። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ በሰያፍ እያፈራረቁ አጠበቁ። አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው ቢሄዱ ኖሮ ድንኳኑ ይጣመም ነበር። ማጥበቂያው ልክ አለው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ እስኪደክመው አይታገለውም። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ተመለሱና ሁሉንም እንደገና ነካኩ፤ ሁለቱ ላልተው ተገኙ። ለዚህም ነው በየጉዞው መነሻና በየመቆሚያው ማየት የሚያስፈልገው። የግቢው በር ከፍታም ተለካ፤ ለጥቂት ነው የሚያልፈው።

ልጆቹን በተመለከተ የእናት ቃል ጸንቷል። በአሜሪካ ለተደራራቢ አልጋ የሚሰጠው ምክር ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ እንዳይተኛ ነው፤ የጣራ ድንኳን ደግሞ ከዚያ አልጋ ይበልጥ ከፍ ይላል። የአራት ዓመት ልጅ ሌሊት ሽንቷ ሲመጣ መሰላል መኖሩን አታስታውስም። ስለዚህ ትንሿ ከእናቷ ጋር በተራ ድንኳን መሬት ላይ ታድራለች። ትልቁም ቢሆን ሲወጣና ሲወርድ ፊቱን ወደ መሰላሉ አዙሮ፣ አባቱ ከሥር ቆሞ ነው።

ከሰል ደግሞ ወደ ድንኳን ጨርሶ አይገባም፤ ወደ ላይኛውም ወደ ታችኛውም። ብርድ ቢበረታም፣ ቡና ቢያምርም፣ ፍሙ ነጥቷል ቢባልም አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሸራ ቀዳዳ ያለው ቢመስልም አያድንም። ሞተር አስነሥቶ መኪናውን ማሞቅም ያው ነው። ቡናው ውጪ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ይፈላል፤ ምድጃውም ከመተኛት በፊት በውኃ ይጠፋል።

ሁለቱ ቤተሰቦች ለገና አብረው ሊወጡ ተዘጋጅተዋል። በፈጣን መንገድ ላይ የጎን ነፋስ መኪናውን እንደሚገፋው ባለቤቷ ከሽማግሌው መካኒክ ሰምቷልና ከሌላው ቀን ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ተናግሯል። ነዳጅም ይጨምራል፤ ይህን ለአስቤዛው ወጪ ያዢው ብሏታል። ትናንት ከሰፈራቸው ባለሱቅ ሚዛን ተውሰው ዕቃቸውን አንድ በአንድ ይመዝኑ ነበር። ስወጣ ትራሶቹ ገና አልተመዘኑም።