ክንፉ ሳይቆረጥ የሚሞተውስ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ደስ ይበልህ! የሻርክን ክንፍ ቆርጦ ገላውን ባሕር ላይ መጣል በብዙ አገር ተከልክሏል። ከእንግዲህ ስለ ሌላ ነገር ጻፍ» አለኝ። የዚህ ዓምድ ተከታታዮች ታውቁኛላችሁ፤ የወጣው ሕግ እየተቆጠረ ውጤቱ ሳይቆጠር ሲቀር ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ክልከላው ትክክል ነው። ነገር ግን የሚጠይቀው ክንፉ ከነገላው ወደብ መድረሱን እንጂ ስንት ሻርክ እንደተያዘ አይደለም። ዓሣ አጥማጁም ሙሉውን ጭኖ መጣ፤ ለሥጋውም እንደ ብራዚል ያለ ትልቅ ገዢ አለ። ሳይንስ መጽሔት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጥናት በ2012 በዓሣ ማጥመድ የሚሞተው ሻርክ 76 ሚሊዮን ገደማ እንደነበረና በ2019 ቢያንስ 80 ሚሊዮን እንደደረሰ ይገምታል። ይህ የሆነው ክልከላው በተስፋፋባቸው ዓመታት ነው!

እንግዲያውስ መገደብ ያለበት የሚያዘው መጠን ማለትም ኮታው ነው። «ኮታ ከተቀነሰ አጥማጁ ምን ይብላ?» የሚሉ ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክን ይመልከቱ። ስፐርዶግ የምትባለው ትንሽ ሻርክ ሁለት ዓመት ገደማ ታረግዛለች። በ1960ዎቹ በዓመት ከ60 ሺህ ቶን በላይ ተጠምዳ ኋላ ተመናመነች። አጥማጁን እንጀራ ያሳጣው ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2011 ጀምሮ ኮታዋን ዜሮ አደረገ፤ አገገመችና በ2023 ማጥመዱ እንደገና ተፈቀደ። ከአንድ ሜትር የምትበልጠው ግን ትለቀቃለች፤ ትላልቆቹ እናቶች ናቸውና።

ልቤን የነካው ይህ የመጨረሻው ደንብ ነው። መውለጃዋ የደረሰ ላም የሚያርድ ገበሬ የለም። ማንታ ሬይ የምትባለው ጠፍጣፋዋ የሻርክ ዘመድም ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ዓመታት እያሳለፈች። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በቶሎ እንደሚራባ ዓሣ ማጥመድ ዘሩን ማጥፋት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በሩቅ ባሕር መርከቦች ላይ መጫንም አያዋጣም። በዚያው ጥናት መሠረት ሞቱ በውቅያኖሱ መካከል ሲቀንስ፣ አገሮች ራሳቸው በሚያዝዙበት የባሕር ዳርቻ ግን ጨምሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ የባሕር በር ያለው አገር ከገዛ አጥማጆቹ ጋር ተቀምጦ ስንት እንደሚያዝ ይወስን፤ እርጉዞቹ የሚለቀቁበትን ደንብ ያውጣ፤ ወደብ ላይም የሚቆጥር ሰው ያቁም። ያን ጊዜ ወዳጄ «ደስ ይበልህ» ሲለኝ እስማማለሁ።