በማግሥቱ የሚፈተን መሪነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መስቀል ዐደባባይ የደመራ በዓል ሲከበር ልብን የሚያሳርፍ ነገር እናያለን። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የፖሊስ አባላት ጎን ለጎን ቆመው መግቢያውን ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡንም ያስተናግዳሉ። ከዚያ ተነሥቶ በካዛንቺስ በኩል ወደ ቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደክምም። በዚያው አቅራቢያ በተለምዶ 24 ቀበሌ በሚባለው ሥፍራ ግን በጥር ወር 2012 ዓ.ም. የታየው ከዚህ እጅግ የራቀ ነበር። ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ በያዙት ቦታ የጸጥታ ኀይሎች በሌሊት ደረሱ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሁለት ወጣቶች ሕይወታቸውን አጡ፤ ሌሎችም ቆሰሉ።

የቦታ ይዞታ ክርክር በውይይት ወይም በፍርድ ቤት የሚፈታ ነው። ቦታው ያለ ፈቃድ ተይዞ ነበር ቢባል እንኳ የቅጣቱ ልክ ሞት ሊሆን አይችልም። የከተማው አስተዳደር በወቅቱ ኀዘኑን ገልጿል። ኀዘንን መግለጽ መልካም ነው፤ መሪነት የሚፈተነው ግን ከኀዘን መግለጫው በኋላ በሚመጡት ሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ አዘዘ? ዳግመኛ እንዳይደርስስ ምን ተለወጠ?

የሕግ እጥረት አለብን ለማለት አንችልም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 የሕይወትን መብት፣ በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብን መብት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ኀላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። ካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኋላ ያጸደቀው የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርም የሰው ሕይወት የማይደፈር መሆኑን አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሖዎች ፖሊስ ኀይልን የሚጠቀመው ሌላ መንገድ ሲጠፋና ከአደጋው ጋር በሚመጣጠን ልክ ብቻ እንደ ሆነ ያስገነዝባሉ። የጎደለን በሕጉ ፊት ራሱን የሚያቆም መሪ ነው።

የቅርቡ ታሪካችን ይህን በግልጽ ያሳየናል። ከምርጫ 97 በኋላ ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ደግሞም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ቀናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 የፖሊስ አባላት መሞታቸውን አረጋገጠ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ግን ሪፖርቱ ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት ከአገር ወጡ። አብዛኛው አባል የተወሰደው እርምጃ ከልክ ያለፈ ነበር ብሎ ድምፅ እንደ ሰጠ፣ ውሳኔውን እንዲለውጡም ጫና እንደ ደረሰባቸው በስደት ሆነው ተናገሩ። በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው መደምደሚያ እርምጃው ተገቢ ነበር የሚል ሆነ። የሟቾቹ ቁጥር ሳይካድ ፍርዱ ተገለበጠ። ሁለቱ ዳኞች ግን ሹመታቸውንና አገራቸውን አጥተው ቃላቸውን ጠበቁ። ሥነ ምግባር ያለው መሪነት ዋጋ የሚያስከፍለው እንዲህ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ለዚህ አብነት አለው። እ.ኤ.አ. በ390 በተሰሎንቄ ሕዝቡ ዐምፆ የጦር አዛዡን በገደለ ጊዜ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ተቈጥቶ ወታደሮቹን ላከ፤ በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎችም አለቁ። የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ አምብሮስዮስ ንጉሡ በግልጽ ንስሓ ሳይገባ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዳይቀርብ ከለከለው። ንጉሡም በሕዝብ ፊት አለቀሰ። የታሪክ ጸሓፍት እንደ መዘገቡት በልቅሶ ብቻ አላበቃም፤ የሞት ፍርድ ከተወሰነ በኋላ 30 ቀን ሳያልፍ እንዳይፈጸም ሕግ አወጣ። እውነተኛ ንስሓ ቍጣ የሚገታበትን ሥርዓት ያቆማል።

ይህን ስንል ፖሊስን ጠላት ለማድረግ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ከሞቱት መካከል የፖሊስ አባላት እንደ ነበሩ አንዘነጋም፤ ለእነርሱም እናት አልቅሳለች። መጥምቀ መለኮት ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ጭፍሮች ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ማንንም እንዳይገፉ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ (ሉቃ. 3፥14)። ዱላ የጨበጠው ወጣት የንስሓ አባት አለው፤ ትእዛዝ የሰጠው አዛዥም እንዲሁ። ስለዚህ ካህናት የታዘዝሁትን ነው የፈጸምሁት ብሎ ለሚመጣ ልጃቸው ትእዛዝ ደምን እንደማያነጻ በፍቅር ሊነግሩት ይገባል። ጲላጦስም እጁን ታጥቦ ነበር።

እኛንም የሚመለከት ተግሣጽ አለ። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በዐድዋ በዓል ዕለት በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አስለቃሽ ጭስ በተተኮሰ ጊዜ ሁላችን ጮኸናል፤ መጮኻችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በደሉ ከቅጽራችን ውጭ ሲሆን፣ ተበዳዩም የሌላ እምነት ተከታይ ወይም ስሙን የማናውቀው የጎዳና ልጅ ሲሆን ድምፃችን ይቀንሳል። ናቡቴ በግፍ በተገደለ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ ወደ አክዓብ የሄደው የራሱ ርስት ተነክቶ አልነበረም (1ኛ ነገ. 21)። ካዛንቺስን ጨምሮ ነባር ሠፈሮች በሚፈርሱበትና ነዋሪዎች በሚነሡበት በዚህ ዘመን ሕግ አስከባሪውና ደካማው በየቀኑ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ለሁሉም እኩል ያልጮኸ ለራሱ ሲጮኽ የሚሰማው አያገኝም።

እንግዲህ ከመንግሥት ኀላፊዎች የምንጠብቀው ግልጽ ነው። ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት ወይም ሲጎዳ ገለልተኛ አካል ያጣራ፤ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር፤ ጥፋተኛው ከነአዛዡ በፍርድ ይጠየቅ፤ የተጎዳው ቤተሰብ ይካስ። ከአባቶቻችን የምንጠብቀው ደግሞ በዘመነ ሰላም ከአዛዦች ጋር ተቀምጠው መምከራቸውን፣ በዘመነ መከራም ሳይፈሩ መገሠጻቸውን ነው። ከእኛ ከምእመናን የሚጠበቀው ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ መመስከር፣ ቂምንም አለመያዝ ነው። ያን ጊዜ በደመራ ዕለት ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ወጣቶች በሌሎቹም ቀናት ሳይፈራሩ ይተያያሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።