የጦርነቱን ሂሳብ ማን ከፈለ?

ወገን፣ ስሜቱ ትንሽ ይቆየንና ቁጥር እናውራ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመከላከያ የተያዘው በጀት 22 ቢሊዮን ብር ነበር። በዓመቱ አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ዋናው ምክንያት ጦርነቱ ነው። ለ2015 ደግሞ የመከላከያው ብቻ 84 ቢሊዮን ገባ። ወደ አራት እጥፍ ማለት ነው!

«ታዲያ አገር ያለ ጦር ትኑር?» የሚል አይጠፋም። አትኑር! እኛ ጦር የምንጠላ ልጆች አይደለንም፤ ወታደሩ ወንድማችን ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

መንግሥት ገቢው ሲያጥረው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። በተራ አማርኛ ብር ማተም ነው። ብር ሲበዛ ዋጋ ይንራል፤ በ2014 ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ፎቅ ያለው ኪራይ ይጨምራል። ዶላር የደበቀው በጥቁር ገበያ ያተርፋል። የአስተማሪው፣ የጥበቃው፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ግን እዛው ቆሞ ዘይቱ ጥሎት ይሄዳል። ምክር ቤት ያላጸደቀው ግብር ማለት ይሄ ነው፤ ከማንም በላይ የሚከፍለው ድሃው ነው።

የጸደቀውም ቢሆን ያው ነው። በዚያ ሁሉ የኑሮ ውድነት የደመወዝ ግብር የሚቆረጠው ከ600 ብር ጀምሮ ነበር። 600 ብር! አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋም አለ። ለጦርነት በወራት ውስጥ ቢሊዮን ያገኘ መንግሥት፣ ለዚህ ቦርድ ግን ዓመታት አልበቁትም።

ዓድዋ ላይ ንጉሡም እቴጌዋም ከጦሩ ጋር ዘመቱ። ፊታውራሪ ገበየሁ ከገበሬው ጎን ወደቁ። መሥዋዕትነት ከላይ ይጀምር ነበር። ዛሬስ? ግንባር የሄደው የማን ልጅ ነው? ውጭ አገር የሚማረውስ የማን?

ስለዚህ «ባንዳ» የሚለው ስድብ አፋችንን አያዘጋም። የምንለው ሦስት ነገር ነው፦

1. የጦር ወጪው ኦዲት ተደርጎ ለሕዝብ ይነገር።
2. የደመወዝ ቦርዱ ሥራ ይጀምር።
3. በንረቱ የከበረው ድርሻውን ይክፈል።

ድሃው ልጁንም ጉርሱንም ሰጥቷል። አሁን ተራው የባለፎቁ ነው።

ሼር አድርጉት!