በአንድ ሐይቅ ላይ ሁለት ዓይነት ጥበቃ

በባሕርና በሐይቅ ወለል ተቀብሮ የኖረውን የጥንት ዕቃ ፈልጎ ማግኘት በዚህ ዘመን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። መንግሥታትም ያለፈው ትውልድ ሥራ በማንም እጅ እንዳይመዘበር ሕግ አውጥተውለታል፤ ጠባቂም አቁመውለታል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከውሃው በታች ላለው እንጨትና ሸክላ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ መንግሥት፣ ከውሃው በላይ በጀልባ ተቀምጦ ለሚሄደው ሕያው ሰው በዚያው ልክ ይጠነቀቃልን? ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በብዙ አገር የሚያሳፍር ሆኖ ይገኛል። ለዚህም ነገር በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘውን የጆርጅ ሐይቅን ያህል የሚያስረዳ ምስክር የለም፤ ሁለቱም በእርሱ ላይ ታይተዋልና። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሐይቁ ርዝመቱ 51 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ጠባብ ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ሰሜን አሜሪካን ለመያዝ በተዋጉበት ዘመን፣ አገሩ በዱር የተሸፈነ ስለ ነበር ሐይቁ ዋነኛ የጦር መንገድ ሆኖ ነበር። በጁላይ 1758 የእንግሊዝ ጦር በሰሜን በኩል የነበረውን የፈረንሳዮች ምሽግ ሊይዝ ሞክሮ ድል ሆኖ ተመለሰ። የበረዶው ወራት በቀረበ ጊዜ ጦሩ ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት፤ በደቡቡ ዳር የነበረው ምሽግ ግን በፊተኛው ዓመት በጠላት ተቃጥሎ ነበርና ጀልባዎቹን የሚያኖሩበት የተጠበቀ ስፍራ አልተገኘም። ስለዚህ አዛዦቹ ለሰሚው እንግዳ የሚመስል ዘዴ አሰቡ። 260 ያህል የቀዘፋ ጀልባዎችን ከሌሎች መርከቦች ጋራ በገዛ እጃቸው አሰጠሟቸው። በረዶው ከላይ ሲዘጋባቸው ጠላት አያገኛቸውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ግን ወጥተው ይሠራባቸዋል ማለት ነው። ይህም የአገራችን ባላገር በጦርነት ጊዜ እህሉን በጉድጓድ እንደሚቀብረው ያለ ነው። በሚመጣውም ዓመት ከሰጠሙት ብዙዎቹ ወጡ። ላንድ ቶርቶይዝ፣ ማለት የየብስ ኤሊ፣ የተባለችው ሰባት ጎን ያላት ባለ መድፍ መርከብ ግን ከ32 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ ስለ ተቀመጠች ሳትወጣ ቀረች።

ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ ለመዝናናት የጠለቁ ሰዎች ከእነዚያ የቀዘፋ ጀልባዎች ጥቂቶቹን አገኙ። አንዳንዶቹም ወጥተው ወደ ቤተ መዘክር ተወሰዱ። ላንድ ቶርቶይዝን ግን ያገኟት በጁን 1990 ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ፈላጊዎች ናቸው፤ መሣሪያቸውም ሶናር ነበር፤ ይኸውም ድምፅን ወደ ውሃው ወለል ልኮ ከተመለሰው ድምፅ የወለሉን መልክ የሚሥል ነው። ጠላቂዎቹ ወርደው ባዩአት ጊዜ የመድፎቿ መስኮቶች እንኳ ሳይፈርሱ ቆይተዋቸዋል። የዚያ ሐይቅ ውሃ ጨው የሌለበትና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ እንጨትን ይጠብቃል።

የግዛቱም ሹሞች በዚህ ጊዜ ያደረጉት የሚመሰገን ነው። መርከቢቱን እናውጣት አላሉም። በውሃ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ እንጨት ወጥቶ በነፋስ ቢደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ይፈረካከሳል፤ እንዳይፈርስ በመድኃኒት እያራሱ ማድረቁም ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ባለችበት ትቀመጥ ብለው ስፍራውን የተጠበቀ ቦታ አደረጉት፤ መልሕቅ ወርውሮ የሚያቆስላት እንዳይኖር የጀልባ ማሰሪያ ተንሳፋፊ ምልክት አኖሩ፤ ጠላቂም አስቀድሞ ሳይመዘገብ እንዳይወርድ አዘዙ። በ1998 ደግሞ ከአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራዎች አንዷ ሆና ተመዘገበች። በ2001 በዩኔስኮ የጸደቀው በውሃ ውስጥ ስላለ ቅርስ የተደረገው ስምምነትም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቅርሱን በተገኘበት ስፍራ መጠበቅ እንዲታሰብ፣ ለንግድም እንዳይበረበር የሚያዝ ነው።

ወደዚያ ጥልቀት መውረድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ሹሞቹ ያውቁ ነበር። የውሃው ክብደት በየ10 ሜትሩ በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት ያህል እየጨመረ ይሄዳል፤ በ33 ሜትር ላይ ያለ ሰው በምድር ላይ ካለው ከአራት እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ይተነፍሳል። ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 የሠሩት መሣሪያ፣ ጠላቂው በጀርባው ካዘለው የታመቀ አየር በግፊቱ ልክ እየመጠነ ስለሚሰጠው መውረዱን ለብዙ ሰው አቅልሎታል፤ የሰውን ሥጋ ግን አልለወጠውም። በግፊት የተነፈሰው ናይትሮጅን በደሙ ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ ካልወጣም ክዳኑ በድንገት እንደ ተከፈተ የአምቦ ውሃ በደም ሥሩ ውስጥ ይፈላል። በ1900 እና በ1901 በግሪክ አገር በአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ የጥንት ሐውልቶችንና ያንን የታወቀ የከዋክብት መቁጠሪያ መሣሪያ ያወጡት ሰፍነግ ለቃሚዎች ይህን ሕግ ስላላወቁ አንዱ ሞቷል፤ ሁለቱም ሽባ ሆነዋል። ዛሬ ግን ጠላቂ ሁሉ የሚወርድበትን ጥልቀትና የሚቆይበትን ደቂቃ በሰንጠረዥ ወይም በእጁ ባሰረው መቁጠሪያ አስልቶ ይወርዳል።

እንግዲህ በጆርጅ ሐይቅ ወለል ያለው እንጨት ሕግ፣ ምልክትና መዝገብ ነበረው ማለት ነው። በኦክቶበር 2 ቀን 2005 ግን ኤታን አለን የተባለች የሽርሽር ጀልባ 47 ተሳፋሪዎችና አንድ ነጂ ይዛ በዚሁ ሐይቅ ላይ ትሄድ ነበር። ቀኑ ብራ፣ ነፋሱም ጸጥ ያለ ነበር። ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሲሆኑ፣ የመጡትም በመከር ወራት የሚቀላውን የዛፍ ቅጠል ሊያዩ ነው። ሌላ ጀልባ ያስነሣው ማዕበል በመጣ ጊዜ ነጂው ዞረ፤ ጀልባይቱም ወደ አንድ ጎን ዘነበለች፤ በረጃጅም አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሳይወዱ ወደ ዘነበለው ጎን ተንሸራተቱ፤ በዚህም ክብደት ተገለበጠች። ከመስጠም የሚያድነው ሰደርያ በጀልባይቱ ውስጥ ነበር፤ የለበሰው ግን አልነበረም፤ ለመልበስም ጊዜ አልተገኘም። 20 ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ጠላቂዎች ወርደው አየር በሚነፋ ከረጢት ጀልባይቱን ከወለሉ አነሧት፤ ይኸውም የጥንት ዕቃ የሚነሣበት መሣሪያ ነው።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በሚቀጥለው ዓመት ያወጣው የምርመራ ቃል ለማናቸውም ሹም ሊነበብ የሚገባው ነው። ጀልባይቱ 48 ተሳፋሪ እንድትይዝ ፈቃድ ነበራት። ይህም ቁጥር የተወሰነው በ1960ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ አንድ ሰው በአማካይ 140 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 64 ኪሎ ይመዝናል በሚል ሒሳብ ነበር። በዚያን ቀን የነበሩት ተሳፋሪዎች ግን በአማካይ ወደ 81 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ልዩነቱ ለአንድ ሰው 17 ኪሎ ቢሆን ትንሽ ይመስላል፤ በ47 ሰው ሲባዛ ግን ወደ 800 ኪሎ ይደርሳል። እንግዲህ ጀልባይቱ ማንም ያላየው ስምንት ኩንታል በላይዋ ተጭኖባት ትሄድ ነበር። በዚህም ላይ የቀድሞው የሸራ ዳሷ ተነሥቶ በከባድ የእንጨት ጣራ ተተክቶ ነበር፤ ጣራው ሲለወጥ ሚዛኗን እንደ ገና የፈተነ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም በግልጽ የሚያዝ ደንብ አልነበረም። ሒሳቡ በትክክል በተሠራ ጊዜ ጀልባይቱ ልትይዝ የሚገባት 14 ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ላይ ነጂውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ 48 የሚለውን ቁጥር አንዱ መሥሪያ ቤት ጽፎ ሌላው ተቀብሎታል፤ በየዓመቱም ሊቆጣጠር የመጣው ሹም የተጻፈውን አንብቦ ፈርሟል። የተቀባው ወረቀቱ እንጂ ጀልባይቱ አልተመዘነችም። ከአደጋው በኋላ ግዛቱ የአንዱን ሰው ሒሳብ ወደ 79 ኪሎ ከፍ አደረገ፤ የአገሪቱም የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 84 ኪሎ አደረገው። ሕዝቡ ከወፈረ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ደንቡ የሰማው ግን 20 ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ጠላቂዎችን የሚያመላልሱት ጀልባዎች እንኳ ከዚህ ነቀፋ አልዳኑም። በሴፕቴምበር 2019 በካሊፎርኒያ ጠረፍ መልሕቅ ጥላ ባደረች የጠላቂዎች ጀልባ ላይ ሌሊት እሳት ተነሥቶ፣ ከታችኛው ክፍል ተኝተው የነበሩ 34 ሰዎች ሞተዋል፤ ሌሊቱን እየዞረ የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩ በምርመራው ተረጋግጧል። በኖቬምበር 2024 ደግሞ በግብጽ በኩል በቀይ ባሕር ላይ ሲ ስቶሪ የተባለች የጠላቂዎች ጀልባ ሰጥማ 11 ሰዎች ሞተዋል ወይም እንደ ጠፉ ቀርተዋል። እነዚህ ተጓዦች ከውሃ በታች ስለሚቆዩበት እያንዳንዱ ደቂቃ የሚጨነቁ ሰዎች ነበሩ። አደጋው ያገኛቸው ግን በአልጋቸውና በመርከቡ ወለል ላይ ነው።

ቀይ ባሕር ከተነሣ ዘንድ፣ በአሁኗ ኤርትራ ጠረፍ በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ በ1997 ጠላቂዎች የመረመሩት የሰጠመ መርከብ ጭነት ሊታሰብ ይገባል። ከዚያ የተገኙት የሸክላ ጋኖች በዛሬዋ አቃባ፣ በጥንቷ አይላ፣ ከሚሠሩት ወገን ሲሆኑ፣ ወንድሞቻቸው በአክሱምና በአዱሊስ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝተዋል። የአክሱም ነገሥታት ንግድ እስከ ምን እንደ ደረሰ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ እንግዲህ ጭነቱን ሳያደርስ የሰጠመ መርከብ ሆኗል። ለአጥኚው ደስታ የሆነው ነገር በጊዜው ለመርከበኞቹ መከራ ነበር።

ለአገራችን ይህ ነገር በይበልጥ የሚነካው በጣና ላይ ነው። በግራኝ ዘመን ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ በውሃው እየተሻገሩ በደሴቶቹ እንደ ተሰወሩ ይነገራል። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ውሃው ለቅርሱ ቅጥር ሆኖለት ኖሯል፤ ዛሬም መነኮሳቱ፣ ምእመናኑና ጎብኚው ሁሉ ወደዚያ የሚደርሱት በደንገል ታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ነው። የደንገሉ ታንኳ ውሃ በጠጣ ጊዜ ራሱ እየከበደ ስለሚያስጠነቅቅ ባለቤቱ ልኩን ያውቃል። የሞተር ጀልባ ግን እስከሚገለበጥባት ደቂቃ ድረስ የተመቸች መስላ ትሄዳለች፤ ፀሐይ ለመከላከል በላይዋ የሚደረገው ጣራና በጣራው ላይ የሚጫነው ዕቃ ደግሞ የኤታን አለንን ነገር የሚያስታውስ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደ ተደነገገው ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ አይገባም። በጣና ወለል ላይ ሊፈልግ የሚመጣ ጠላቂ ቢኖር ፈቃዱን የሚሰጠው ሹም ስለ ጥናቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሚሳፈርበት ጀልባም ሊጠይቀው ይገባል። ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ ነው ተብሎ ሊናቅም አይገባም። የጣና ፊት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ የተሰላው የጠላቂዎች ሰንጠረዥ ለዚህ ከፍታ ካልታረመ ያሳስታል። ከውሃው ወጥቶ በዚያው ቀን በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ተራራ የሚወጣ ጠላቂም ከሐይቁ በደኅና ቢወጣ እንኳ በመንገዱ ሊታመም ይችላል።

ጠላቂ የሚመጣው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ የንግሥ በዓል በየዓመቱ ነው። ለእያንዳንዱ ጀልባ የተፈቀደው የሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ክብደቱ በጎኑ ላይ ሊጻፍ፣ ጣራ ወይም ሞተር በተለወጠ ጊዜም ጀልባው በውሃ ላይ እንደ ገና ሊፈተን፣ እህሉና ማገዶው ከሰው ጋራ ተደምሮ ሊቆጠር ያስፈልጋል። ሰደርያውም በአግዳሚ ሥር ታስሮ መቀመጡ ቀርቶ መልሕቅ ሳይነሣ በተሳፋሪው ትከሻ ላይ ይዋል። በበዓሉ ዋዜማ ሕዝቡ ጧፉንና ዕጣኑን ይዞ በወደቡ ሲሰበሰብ፣ ሰውን ቆጥሮ ጀልባውን አይቶ በቃ የሚል ሰው በዚያ መቆም አለበት፤ ያም ሰው ጀልባው የእርሱ ያልሆነ፣ ከመሳፈሪያውም ዋጋ ድርሻ የሌለው ይሁን።