ያቺን «ኪው» ለቀቅ አድርጓት!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ድሮ ያስተማርኳችሁና ዛሬ ላፕቶፕና ኪቦርድ ይዛችሁ ቅንብር የጀመራችሁ፣ ይቺ ለናንተ ናት። ቅር እንዳትሰኙ።

«ዘፈኖቻችን አንድ ዓይነት ሆኑ» ሲባል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ሚዲ ሙዚቃችንን ገደለው ይባላል። ምን አደረገ ሚዲ? ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የመሣሪያዎች መግባቢያ ነው፤ የራሱ ድምፅ እንኳ የለውም። የቱ ኖታ መቼ ተነካ፣ መቼ ተለቀቀ፣ በምን ያህል ጉልበት ተመታ፣ እሱን ይመዘግባል። ጉልበቱን፣ ቬሎሲቲ የምንለውን፣ ከ1 እስከ 127 ለይቶ ይይዝልሃል። እጅህን በታማኝነት ጽፎ ሰጥቶሃል። ኩቤዝ ከፍተህ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኪው ብለህ የምትደመስሰው አንተ ነህ!

ችክችካን እንውሰድ። ምቱ ለሦስት እኩል ይከፈላል። ፕሮጀክቱ በአራት አራተኛ ተከፍቶ፣ ግሪዱ 1/16 ላይ እንዳለ ኳንታይዝ ስታደርገው ሶፍትዌሩ ምቱን ለአራት ይከፍልልሃል። 33 በመቶ ላይ ያረፈችው ኖታ ወደ 25 ትሳባለች፣ 67 ላይ ያለችው ወደ 75 ትገፋለች። በል እንግዲህ እስክስታ ውረድበት! ግሪዱን ትሪፕሌት ብታደርገው ቦታው ይስተካከላል። ግን መቶ በመቶ ከጎተትከው ያቺ ዘግየት ብላ የምትመጣው፣ ትከሻ የምታስነሳዋ ምት አብራ ትሄዳለች። እዚያው ኩቤዝ ውስጥ ኢተሬቲቭ የሚባል ኳንታይዝ አለ እኮ፤ ስንት በመቶ እንደሚጎትት የምትወስነው አንተ ነህ።

የማሲንቆው ይብሳል። በኪቦርድ ስትጫወተው ከኖታ ኖታ የሚያንሸራትተው ፒች ቤንድ ነው፤ 16,384 ደረጃ አለው። የትዝታ እንጉርጉሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «ዝርክርክ ነው፣ ይጽዳ» ተብሎ ጥርግ ይደረጋል። አንዳንዱ ደግሞ ግማሹን ሲሰርዝ ድምፁን ወደ መሃል የምትመልሰዋን የመጨረሻዋን ትእዛዝ አብሮ ያጠፋትና፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዜማ ከቅኝት ሲወጣበት «ፕለጊኑ ችግር አለበት» ይለናል። ወይ ፕለጊን!

ማጽዳት አያስፈልግም አላልኩም። ጣት ሳታስበው የነካቻቸው ኖታዎች አሉ። የመረጥከው ድምፅ የማይጠቀምበት አፍተርተችም ትራኩን ይሞላዋል። ለዚህ ማጣሪያ ተሠርቷል። አፍተርተቹን ገና ሲቀዳ በሚዲ ፊልተር ትዘጋዋለህ። ለኖታዎቹ ሎጂካል ኤዲተር ላይ «ዓይነቱ ኖታ የሆነውን፣ ጉልበቱ ከ15 በታች የሆነውን» ብለህ ትጽፋለህ። ያላዘዝከውን አይነካም። መጀመሪያ ግን «ሰርዝ» ሳይሆን «ምረጥ» በለው፤ ከተመረጡት መሃል ቀስ ተብላ የተመታች የከበሮ ምት ትኖር ይሆናል።

«ቲቸር፣ ጊዜ የለም፣ ዘፋኙ ነገ ይፈልገዋል» ትሉኛላችሁ። ማጣሪያውን አንዴ ጽፈህ ፕሪሴት አድርገህ ካስቀመጥከው ለሚቀጥለው ዘፈን ሁለት ክሊክ ነው። ጊዜ የሚወስደው ቁጭ ብሎ መስማቱ ነው። ዘፋኙ ታዲያ የከፈለህ ለምን መሰለህ?